ባሕር ዳር ላይ የመኪና ስፒከርና ሳብውፈር ለምታስገጥሙ፦ ካርቶኑን ተዉት፣ ፊውዙን አንብቡ

አገር ቤት ገብታችሁ ለቤተሰብ መኪና ጥሩ ድምፅ ላስገባ የምትሉ፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ባሕር ዳር ውስጥ ያለ አንድ ሱቅ ለእኛ ቶዮታ ኮሮላ ከፊት ጥንድ ስፒከር፣ ከኋላ ባለ 12 ኢንች ሳብውፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) ከነአምፕሊፋየሩ፣ ማለትም ከነድምፅ ማጉያው፣ ሸጦ ገጥሟል። ዕቃው መካከለኛ ነው። ገጠማው መጥፎ፣ ሂሳቡ ደግሞ የባሰ ነበር። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ይህ ዓይነቱ አሠራር በየከተማው ስላለ ምልክቱን ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

አምፕሊፋየሩ ካርቶን ላይ «3000 ዋት» ተጽፏል፤ ዋጋውም የተጠራው በዚሁ ቁጥር ነው። ዕቃውን ገልብጣችሁ ፊውዙን ስታዩ ግን አንድ ባለ 30 አምፔር ብቻ ታገኛላችሁ። ሞተር ሲሠራ የመኪናው ቮልቴጅ 14.4 ገደማ ነው፤ በ30 ሲባዛ 432 ዋት ይሆናል። ይህ ከባትሪው የሚገባው ነው። ተራው ክላስ ኤቢ አምፕሊፋየር ከዚህ ግማሹን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ወደ ድምፅ ይለውጣል፣ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ «3000» የተባለው 250 ዋት ቢደርስ ነው። 250 ዋት ለአንድ ሳብውፈር አያንስም፤ የሚያናድደው የ3000 መጠየቁ ነው። ቴፑም (ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ማጫወቻ) እንዲሁ ነው። «50 ዋት በ4» ተብሎ ከጀርባው 10 አምፔር ፊውዝ ከተሰካበት፣ ለአንድ ስፒከር የሚደርሰው 20 ዋት አካባቢ ነው። አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚሰጠው ጉልበት) የሚለውን ቁጥር ፈልጉ፣ ማክስ (ለቅጽበት ብቻ የሚባለው) የሚለውን እለፉት። ሻጩ «ኦርጅናል ነው፣ ፎርጅድ አይደለም» እያለ ሲምል ዝም ብሎ ፊውዙን ማሳየት ክርክሩን ያሳጥራል።

የፊት ስፒከር ስትመርጡ ከዋቱ በፊት ሴንሲቲቪቲውን (በአንድ ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ፣ በዴሲቤል የሚለካውን) እዩ። በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር የአምፕሊፋየሩን ጉልበት እጥፍ እንደማድረግ ይቆጠራል። በቴፑ ጉልበት ብቻ የሚሠራ ከሆነ 90 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ፣ 4 ኦም (ኦም የኤሌትሪክ መቋቋሚያው መለኪያ ነው) የሆነውን ውሰዱ። ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ለብቻው የሆነው ዓይነት ከሆነ ትዊተሩ ወደ መስታወቱ ጥግ ከፍ ብሎ ይገጠም፤ በር ታች ከተቀመጠ ድምፁ ከጉልበት ስር ነው የሚመጣው። ጥልቀቱንም ሳትለኩ አትግዙ፤ የበሩ መስታወት ሙሉ በሙሉ ወርዶ ከማግኔቱ ጋር እንዳይነካካ ይታይ። ክረምት የሚያውቅ ሰው ደግሞ የወረቀት ኮን (የሚርገበገበው የስፒከሩ ፊት) ያለውን አይገዛም። በበሩ ውስጥ ውኃ ይወርዳል፣ ፖሊፕሮፒሊን የሆነው ይችለዋል። የበሩን ፕላስቲክ ሽፋን ቀደው እንዳይጥሉት፣ ከታች ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎችም እንዳይደፍኗቸው ቆማችሁ እዩ።

ሻጮቹ ሁሉ የሚገፏችሁ ወደ ሳብውፈር ነው፣ ትርፉ እዚያ ስላለ። እኔ ገንዘቡ ከፊት ይውጣ ባይ ነኝ። የጎጃም ዘፈን ማሲንቆና የአዝማሪው ጉሮሮ ነው፤ ሁለቱም መካከለኛው ድምፅ ላይ ያርፋሉ፣ በስደት የሚናፈቀውም እሱ ነው። ሳብውፈሩ ለከበሮውና ለቤዝ ጊታሩ ነው፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ይወርዳል፣ ይህን የበር ስፒከር አይችለውም። ስለዚህ ለፊተኞቹ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡባቸው፣ ለሳብውፈሩ ከ80 በታች ያለውን ብቻ ስጡት። አንድ ባለ 10 ወይም ባለ 12 ለኮሮላ ይተርፋል። ከኋላ መስታወቱ ስር የሚደረደሩትን እንቁላል ቅርጽ ስፒከሮች ከሳብውፈር ጋር አንድ ላይ አታስገቡ፤ ሳብውፈሩ የሚገፋው አየር ከስራቸው እየመታ ያንጫጫቸዋል።

ሳጥኑን በተመለከተ፣ ለዝግ ሳጥን ባለ 12ው ከ28 እስከ 35 ሊትር፣ ባለ 10ሩ ከ15 እስከ 20 ሊትር ይበቃዋል። የውስጡን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲሜትር አባዝታችሁ ለ1000 አካፍሉ፣ ሊትሩ ይወጣል። ባለ 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) ይሁን፣ መገጣጠሚያው ሁሉ በሲሊኮን ይደፈን። የተሠራልን ሳጥን በዚህ ረገድ ደህና ነበር፣ አናጺውን አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ገጠማው። ጠዋት ገብቶ ለምሳ ይደርሳል የተባለው መኪና አደረ፤ «ነገ ኑ» ተባለ፣ በነጋታውም እንዲሁ። ተረክበን በሁለተኛው ጠዋት መኪናው አልነሳ አለ። ሱቁ ምን አለ? «ባትሪው አርጅቷል፣ አዲስ ይግዙ፣ እኛው ጋ አለ።» ባትሪው ምንም አልሆነም ነበር። አምፕሊፋየሩን የሚያነሳና የሚያጠፋው ሪሞት የተባለው ቀጭን ሽቦ ከቴፑ ጀርባ፣ ነጭ መስመር ካለው ሰማያዊ ሽቦ መምጣት ነበረበት። ያንን ከምንጣፍ ስር መጎተት ሰልችቷቸው፣ አምፕሊፋየሩ ላይ ከባትሪ መግቢያው ወደ ሪሞቱ አንድ ቁራጭ ሽቦ አገናኙ። ከዚያ በኋላ አምፕሊፋየሩ ሌሊትም አይተኛም። ዘፈን ሳይጫወት እንኳ ከ0.5 እስከ 1 አምፔር ይበላል፣ የ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ በሁለት ሌሊት ለማስነሻ የሚሆን ጉልበት ያጣል። መኪናው ተጠፍቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ቴስተሩን (የኤሌትሪክ መለኪያውን) በ10 አምፔር ቀዳዳው ከባትሪው ነጌቲቭና ከገመዱ መካከል አግቡት። ከ0.05 አምፔር በታች ካነበበ ደህና ነው። በዚህ ጊዜ ሞተር ለማስነሳት እንዳትሞክሩ፣ ቴስተሩ ይቃጠላል።

ሽቦው ሌላ ጉድ ነው። ሂሳቡ ላይ 15 ሜትር የመዳብ ሽቦ ተጽፏል። በኮሮላ ከባትሪው እስከ ኋላ ዕቃ መጫኛው 5 ወይም 6 ሜትር ቢሆን ነው። መዳብም አይደለም፤ አንዱን ክር በምላጭ ብትፍቁት ከላይ ቀይ፣ ከውስጥ ነጭ አሉሚኒየም ነው። እንዲህ ያለው ሽቦ የመዳብን ሁለት ሦስተኛ ያህል እንኳ አያስተላልፍም። ለዚህ መጠን አምፕሊፋየር 10 ሚሊሜትር ስኩዌር ንጹሕ መዳብ ያስፈልጋል። ከባትሪው አጠገብ፣ 45 ሴንቲሜትር ሳይርቅ፣ 40 አምፔር ፊውዝም መኖር ነበረበት፤ አልነበረም። ሽቦው ላሜራው ላይ ተፈግፍጎ ቢላጥ በመካከል የሚያስቆመው ነገር ስለሌለ መኪናው ይቃጠላል። ጀርመን ውስጥ ያለ ፊውዝ መኪና የሚያስረክብ ገጣሚ አላየሁም። የእጅ ዋጋው እዚያ የሚወደድ መሆኑ እውነት ነው፣ ግን ዝርዝሩ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይሰጣል።

ማሳውም (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የአምፕሊፋየሩ ነጌቲቭ ሽቦ) ቀለም በተቀባ ብሎን ላይ ታስሮ ነበር። ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ የሚጨምር የፉጨት ድምፅ ከስፒከሩ ከሰማችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፣ ወይም የድምፅ ገመዱ ከባትሪው ሽቦ ጋር በአንድ ጎን መዘርጋቱ። ቀለሙ እስከ ባዶ ብረት ይፋቅ፣ ሽቦው ከግማሽ ሜትር አይርዘም፣ ውፍረቱም ከባትሪው ሽቦ ጋር እኩል ይሁን። የድምፁ ገመድ በግራ ከሄደ የባትሪው በቀኝ ይሂድ።

ይህን ሁሉ ያቃናው ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ የመኪና ኤሌትሪክ ሰሪ ነው። ሙያተኛ ማለት እሱ ነው። ካቻቢቴ ሳያነሳ መጀመሪያ ለካ። ሳብውፈሩ ባለ ሁለት ኮይል (ኮኑን የሚገፋው ጥቅል ሽቦ)፣ እያንዳንዱ 4 ኦም ነው፤ ሱቁ በትይዩ አስሮ 2 ኦም አድርጎታል። አምፕሊፋየሩ ግን ሁለቱ ቻናሎች (የግራና የቀኝ መውጫዎቹ) ሲጣመሩ ከ4 ኦም በታች አይችልም። ለዚያ ነው የአባይ በረሃን ስንወርድ ግሎ ቀይ መብራት እያበራ የሚጠፋው፤ ሱቁ የበረሃው ሙቀት ነው ብሎን ነበር። ሰውየው ኮይሎቹን በተከታታይ አስሮ 8 ኦም አደረጋቸው። ጉልበቱ ቀንሷል፣ ግን ይሠራል። ገና የምትገዙ ከሆነ ባለ 2 ኦም ጥንድ ኮይል ያለውን ውሰዱ፣ በተከታታይ ልክ 4 ይመጣል። አምፕሊፋየሩንም ከምንጣፍ ስር አውጥቶ አየር እንዲያገኝ አድርጎ አቆመው።

ጌይኑን (የአምፕሊፋየሩን የማጉላት መጠን ማስተካከያ) የሞላውም በጆሮ አይደለም። ቤዝ ቡስቱን (ቤዝ መጨመሪያውን) ዘጋ፣ ቴፑን ሦስት አራተኛ ከፈተ፣ የ50 ኸርዝ ድምፅ ከስልኩ ለቀቀ፣ ስፒከሩን ነቅሎ መውጫውን በቴስተሩ ኤሲ ለካ። ለ200 ዋት በ4 ኦም 28 ቮልት ሲደርስ ያቆማሉ፤ ዋቱን በኦሙ አባዝታችሁ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት ነው። የስፒከሮቹን አቅጣጫ ደግሞ በተራ 1.5 ቮልት ባትሪ ፈተነ፦ ነካ ሲያደርገው ኮኑ ወደ ውጭ ከገፋ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቩ ነው። የግራው በር ተገልብጦ ታስሮ ነበር፤ ከፊት ቤዝ የጠፋው ለዚያ ነው። የጠየቀው የእጅ ዋጋ ሱቁ ለትርፍ ሽቦው ብቻ ካስከፈለው ያንሳል።

ከውጭ ለምትመጡ፣ ሻንጣ ውስጥ ለማይከብድ ነገር ቦታ ያዙ፦ የቶዮታ ባለ 10ና ባለ 6 ፒን መለወጫ ሶኬት፣ የፊውዝ ቤት፣ ከቻላችሁ 6 ሜትር ንጹሕ የመዳብ ሽቦ። መለወጫው ከሌለ የፋብሪካውን ሶኬት ቆርጠው በናስትሮ ነው የሚጠቀልሉት፤ ሙቀት ሲነካው ማጣበቂያው ይለቃል፣ ቢጫውና ቀዩ ሽቦ ከተቀያየሩ ደግሞ ቴፑ መኪናው በጠፋ ቁጥር ሰዓቱንና ጣቢያውን ይረሳል። የወለቀውን የድሮ ስፒከርና ቴፕ ሳትረከቡ፣ ደረሰኙ ላይ የሽቦው ሜትርና የአምፕሊፋየሩ ፊውዝ አምፔር ሳይጻፍ፣ ቀሪውን ሂሳብ አትዝጉ።