ስፓይክ ወይስ ኑክሊዮካፕሲድ? ለኮቪድ ቫይረስ ምርመራ አንቲቦዲ ሲመረጥ

ለዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል በመጠን ለይቶ፣ ሜምብሬን ወደሚባል ስስ ሽፋን አሸጋግሮ በአንቲቦዲ የሚፈልግ ዘዴ) የኑክሊዮካፕሲድ፣ ማለትም የቫይረሱን አርኤንኤ የሚጠቀልለው የኤን ፕሮቲን አንቲቦዲ (ፕሮቲኑን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል) ይቀላል። ፕሮቲኑ 419 አሚኖ አሲድ ስለሆነ በ10 በመቶ ጄል ከ46 እስከ 50 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ጥርት ብሎ ይወጣል። በተያዘ ሴል ውስጥ በብዛት ስለሚመረትም ምልክቱ ጠንካራ ነው። ጉድለቱ፣ ኤን ከ2003ቱ ሳርስ ጋር 90 በመቶ ያህል ስለሚመሳሰል ብዙዎቹ አንቲቦዲዎች ሁለቱን ቫይረሶች አይለዩም።

ስፓይክ፣ ማለትም ከቫይረሱ ላይ እንደ እሾህ የሚወጣው ፕሮቲን፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ስኳር የተሸከመው ሙሉ ፕሮቲን ወደ 180 ኪሎዳልተንና ከዚያ በላይ ስለሚጠጋ ከ6 እስከ 8 በመቶ ጄልና ረዘም ያለ ትራንስፈር (ወደ ሜምብሬን ማሸጋገር) ይፈልጋል። ፉሪን የተባለ የሴል ኢንዛይም ኤስ1 እና ኤስ2 አድርጎ ስለሚቆርጠው የኤስ2 አንቲቦዲ ሁለት መስመር ቢያሳይ አይደንግጡ፤ አንዱ ሙሉው፣ ሌላው ቁራጩ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ሌላ ቦታ ነው፦ የታጠፈውን ቅርጽ ብቻ የሚያውቅ ሞኖክሎናል (ከአንድ የሴል ዘር፣ ማለትም ክሎን፣ የተመረተ አንቲቦዲ) ተገዝቶ በኤስዲኤስ (ፕሮቲንን የሚዘረጋ ሳሙና መሰል ኬሚካል) በፈላ ናሙና ላይ ይሞከራል። ቅርጹ ፈርሷልና ሜምብሬኑ ባዶ ይወጣል። ከመግዛትዎ በፊት ለየትኛው ሙከራ እንደተፈተነ መረጃ ወረቀቱ ላይ ያንብቡ።

ኦሚክሮን ስፓይክ ላይ ከ30 በላይ ለውጦች ይዞ ስለመጣ የድሮ የስፓይክ ክሎኖች በአዲስ ዝርያ ላይ እንደገና መፈተን አለባቸው።

ለፈጣን አንቲጅን ምርመራ ወይም ለሳንድዊች ኤላይዛ (ፕሮቲኑን በሁለት አንቲቦዲ መሃል የሚይዝ ምርመራ)፦ ኤን፣ የተለያየ ቦታ በሚይዙ ሁለት ክሎኖች። የክትባት ኤምአርኤንኤ ለተሰጠው ሴል ወይም ለሲውዶቫይረስ (ስፓይክ የለበሰ ሌላ ቫይረስ)፦ ስፓይክ፤ ብዙውን ጊዜ እዚያ ኤን የለም። ሴሉን ሳይበሱ ላዩን ለማቅለም ስፓይክ ይሆናል፤ ለኤን ግን መጀመሪያ የሴሉን ሽፋን፣ ለምሳሌ በ0.1 በመቶ ትራይተን (ሳሙና መሰል ኬሚካል)፣ መብሳት ግድ ነው።