ችግሩ ኮርቻው ሳይሆን አስተሳሰሬ ነበር

የብስክሌቴን ሰፊ የጄል ኮርቻ አውጥቼ ይህን 143 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ መሐሉ ክፍት የሆነ ኮርቻ ካሰርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። በሁለተኛው ሳምንት ብትጠይቁኝ «እንዳትገዙት» ነበር የምላችሁ። ከብስክሌቱ ስወርድ ሰው ፊት ለመራመድ አፍር ነበር።

ስፋቱን እንኳ አልሳትኩም፤ ካርቶን ላይ ተቀምጬ የመቀመጫ አጥንቶቼ የተዉትን ሁለት ጉድጓድ ስለካ መሐል ለመሐል 12 ሴንቲ ሜትር ነው። የሳትኩት ከፍታውን ነው። አዲሱ ከድሮው ስስ ስለሆነ፣ ኮርቻው የሚቆምበትን ቱቦ ሳልነካ ራሴን ዝቅ አድርጌ ኖሯል። ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኝ ጀመር። ግድግዳ ተደግፌ ተረከዜን ፔዳሉ ላይ አሳረፍኩ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሬ ቀጥ እስኪል ኮርቻውን ከፍ አደረግኩት። በእግር ፊተኛው ክፍል ሲረገጥ ጉልበት ያን ጊዜ ትንሽ እጥፋት ይተርፈዋል። ሕመሙ ለቀቀኝ። ጉጉት አይጣልና፣ ፍጥነት ላገኝ ሌላ 1 ሴንቲ ሜትር ጨመርኩ። ከኋላዬ የሚነዳው ጓደኛዬ «ዳሌህ እየጨፈረ ነው» ብሎ ሳቀብኝ፤ ኮርቻውን ወደ ነበረበት ከፍታ መለስኩት።

ወደፊትና ወደኋላ ማንሸራተቱ ነው የቸገረኝ። ወደፊት ስገፋው ጎንበስ ብዬ ስነዳ ጭኔ ሆዴን አይነካም፣ ኃይሉም ይሰማኛል። ግን ክብደቴ እጄ ላይ ወርዶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። እኔ የምነዳው ሦስት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ 8 ሚሊ ሜትር ወደኋላ ሳብኩት። ወደኋላ ሲሄድ ከፔዳሉም ስለሚርቅ በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ። ከኮርቻው ሥር ባለው ሐዲድ ላይ የታተመው የሚሊ ሜትር መስመር እዚህ ላይ በጣም ጠቀመኝ።

ቅሬታዬ ኮርቻውን ከቱቦው ጋር በሚያያይዘው፣ አብሮት በመጣው ጥርሳም ማሰሪያ ላይ ነው። በአንዱ ጥርስ ሳስረው የኮርቻው አፍንጫ ቀና ብሎ ይቆረቁረኛል፤ በሚቀጥለው ደግሞ አዘቅዝቆ ወደፊት ያንሸራትተኛል። የምፈልገው ልክ መሐላቸው ላይ ነው! በመጨረሻ ቱቦውን ባለሁለት ብሎን በሆነ ቀየርኩት፤ አንዱን ሩብ ዙር ላላ፣ ሌላውን ጠበቅ እያደረግኩ ለጥ አስባልኩት።

ኮርቻውን አልመልሰውም። ቱቦው ላይ ቴፕ ጠቅልዬ ከፍታውን ምልክት አድርጌያለሁ፤ ታናሽ ወንድሜ ብስክሌቱን በተዋሰ ቁጥር ዝቅ አድርጎ ነው የሚመልሰው።