ጫጉላ በደሴት፦ ዛንዚባር ወይስ ሲሼልስ?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሰርግ በብዛት የሚደገሰው በጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ነው። ለጫጉላ ደሴት የሚያስቡ ሙሽሮች ቀድመው የሆቴል ፎቶ ያያሉ። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የሰርጋችሁ ቀን መቼ ነው ብዬ እጠይቃለሁ።

ምክንያቴ ዝናቡ ነው። ዛንዚባር በጥር ፀሐይዋ ደማቅ ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ግን ዋናው ዝናብ ይወርዳል፣ የሚዘጉ ሆቴሎችም አሉ። ሲሼልስ በተቃራኒው ዶፉ የሚበረታባት በታኅሣሥና በጥር ነው። በሚያዝያ ነፋሱ ይረጋል፣ ባሕሩም ይጠራል። ስለዚህ የጥር ሙሽራ ዛንዚባር፣ የዳግማይ ትንሣኤ ሙሽራ ሲሼልስ ይሂዱ እላለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ይበራል።

ዛንዚባር ላይ የሚታየው ብዙ ነው። ስቶን ታውን የተባለችው አሮጌ ከተማ በ2000 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ጠባብ መንገዶቿን በእግር ዙሩ፣ የተቀረጹትን የእንጨት በሮች እያያችሁ። የባሪያ ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ካቴድራል ቆሟል። ጫጉላ ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ግቡና እዩት።

እኔ በጣም የምወደው የቅመም እርሻውን ጉብኝት ነው። አስጎብኚው ከዛፍ ላይ ቢጫ ፍሬ ቆርጦ ለሁለት ይከፍለዋል። ውስጡ ቡናማ ዘር አለ፣ ዘሩ ላይ ደማቅ ቀይ መረብ ተጠምጥሟል። ገውዝ ማለት ያ ዘር ነው። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድ ደግሞ ሳይፈካ የተለቀመ የአበባ እምቡጥ ነው፣ ምንጣፍ ላይ ተሰጥቶ በፀሐይ ይደርቃል። ቀረፋውን ከግንዱ ልጠው ያሸትቷችኋል። ለእናቶቻችሁ ስጦታ እዚያው ግዙ።

የባሕር ዳርቻ ስትመርጡ ተጠንቀቁ። በምሥራቁ በኩል፣ ፓጄ አካባቢ፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ርቆ ይሸሻል። በዚያ ሰዓት ሴቶች በገመድ ላይ ያበቀሉትን የባሕር ሣር ሲሰበስቡ ታያላችሁ። ማየቱ ደስ ይላል፣ ግን መዋኛ ውኃ የለም። እሾሃም የባሕር እንስሳትም ስላሉ በባዶ እግር አትግቡ። ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ መሆን ለሚፈልግ በሰሜን ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ይሻላሉ።

ሲሼልስ ሌላ ዓለም ናት። የሚሠራው ነገር ትንሽ ነው፣ ዝምታው ግን ሙሉ ነው። ከዋናው ደሴት ከማሄ ወደ ፕራስሊን ደሴት በፈጣን ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ከዚያ ወደ ላ ዲግ ደሴት ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ላ ዲግ ላይ መኪና ጥቂት ስለሆነ ሁሉም በብስክሌት ነው የሚሄደው። አንስ ሱርስ ዳርዣን የተባለው ዳርቻ ግዙፍ የግራናይት ድንጋዮች አሉት። ውኃው ጥልቀት የለውም፣ ከፊቱ ባሕር ውስጥ ያለው የኮራል አለት ማዕበሉን ይሰብርለታል። እኛ ደገኞች አብዛኞቻችን ዋና ስለማንችል ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዛንዚባር ላይ ምኔምባ ወደምትባለው ትንሽ ደሴት በጀልባ የምትወጡ ከሆነ ግን ላይፍ ጃኬት ሳትለብሱ ውኃው ውስጥ እንዳትገቡ።

ፕራስሊን ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባለውን የዘንባባ ደን አትለፉ። ከዓለም ዘሮች ሁሉ የሚከብደው ኮኮ ደ ሜር እዚያ ይበቅላል፣ አንዱ ፍሬ ሩብ ኩንታል ሊደርስ ይችላል።

ምግብስ? የጥር ሙሽሮች ረቡዕና ዓርብ ቢጾሙ ዛንዚባር አይቸገሩም። ሩዝና በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ በየቦታው አለ። በዓለ ሃምሳ ጾም ስለሌለበት ሲሼልስ ላይ የተጠበሰውን ዓሣ በማንኛውም ቀን ብሉ።

በገንዘብ ሲሼልስ በጣም ትከብዳለች። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ቀኑን ቀንሱ፣ ኩሽና ያለው የእንግዳ ማረፊያም ያዙ። ዛንዚባር በዚያው ገንዘብ ረዘም ያለ ቆይታ ትሰጣለች፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ጀምሮ ግን ለአንድ ሰው 44 ዶላር የግዴታ መድን አለ፣ እሱን ደምሩ።

የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ተከተቡ፣ ካርዱ ለሁለቱም ያስፈልጋል። ለሲሼልስ የጉዞ ፈቃዱን በኢንተርኔት ቀድማችሁ አውጡ፣ ዛንዚባር የታንዛኒያ ስለሆነች የታንዛኒያን የቪዛ ጉዳይም ቲኬት ከመግዛታችሁ በፊት ጨርሱ። ፓኬጅ የሚሸጥላችሁን ሰው ደግሞ ዛንዚባር ከሆነ ሆቴሉ የትኛው ዳርቻ ላይ እንደሆነ፣ ሲሼልስ ከሆነ የጀልባው ትኬት በዋጋው ውስጥ መኖሩን ጠይቁት።