የእናቴን ፀጉር በእጇ ለሰበሰበችው እህቴ

ይህን የምጽፈው ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት ላላት አንዲት እህት ነው። ስሜን እንዳትጽፊ ብላኛለች። እሺ ብያታለሁ፤ ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።

እናቴ የጡት ካንሰር ታማ ጥቁር አንበሳ ኬሞ ጀመረች። ሁለተኛውን ዙር ሳትወስድ ፀጉሯ በእፍኝ በእፍኝ ይወጣ ጀመር። ትራሱ ላይ፣ ነጠላዋ ላይ፣ እንጀራ ስትቆርስ መሶቡ ላይ ሳይቀር። ይላጭ ስንላት "ማን ሞቶብኝ ነው የምላጨው?" ብላ አለቀሰች። በእሷ ዘመን ሴት ራሷን የምትላጨው ለሐዘን ነበር።

በስንት ልመና እሺ አለች። መጀመሪያ የወሰድኳት ቤት ግድግዳው በሙሉ መስታወት ነው። ሠራተኞቹም ሲያዩዋቸው ያምራሉ። እማዬ ሻሿን ስትፈታ አንዷ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። "ይተላለፋል እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ፣ እናቴ እየሰማች! ሌላው ቤት ደግሞ "ደንበኛ ይደነግጥብናል፣ ማታ ኑ" አሉን። እማዬ ሻሿን መልሳ አሰረች። ታክሲ እስክንይዝ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ያ ቀን እስካሁን ያመኛል።

ወደዚች ልጅ የገባነው እንዲሁ ስናልፍ ነው። ቅዳሜ ነበር፤ ሦስት ሰው ተራ ይጠብቃል። እማዬን አየት አደረገቻትና ምንም አልጠየቀችም። ደንበኞቿን በጆሯቸው የሆነ ነገር ነግራ ሸኘቻቸው። በሩን ዘጋች። መስታወቱ ላይ ነጠላዋን ጣል አደረገችበት። ነርሷ ምላጭ እንዳይነካት ብላን ነበርና ያንን ስነግራት "አውቃለሁ" አለች። በመቀስ አሳጠረችው፣ ከዚያ ቀስ እያለች በቶንዶስ። "እማማ፣ ሕፃን የሚላጨው ፀጉሩ በደንብ እንዲበቅል አይደል? የእርስዎም ያው ነው" ስትላት እናቴ ፈገግ አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ስትጨርስ መጥረጊያ አላነሳችም። ተንበርክካ ፀጉሩን በእጇ ለቀመችው። በነጭ ወረቀት ጠቀለለችና በሁለት እጇ ለእናቴ ሰጠቻት። "የእርስዎ ነው፣ አይረገጥም" አለቻት። ከዚያ የተላጨ ራሷን ሳመቻት። እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ አለቀስኩ።

ሂሳብ ስላት "ሲበቅል ሹሩባ ስሠራቸው ትከፍያለሽ" አለችኝ።

ቆንጆ ማለት እንዲህ ያለች ሰው ናት። መልኳን ያን ቀን ልብ አላልኩትም፤ ያየሁት እጇን ነው። እህቶቼ፣ እባካችሁ ወደ እሷ ሂዱ። የታመመች እናት ወይ እህት ያላችሁ በተለይ ሂዱ። ለሠርግም ለበዓልም ሂዱ። በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሁሉ ቦታውን እነግራለሁ፤ ይህን ፈቅዳልኛለች። ሂዱ ብቻ፣ አትቆጩም።

ለፋሲካ የእማዬ ፀጉር ሦስት ጣት ያህል ደርሶ ነበር። ድሮ ዞማ የነበረው አሁን ጥቅልል ጥቅልል ብሎ ነው የበቀለው። ለሹሩባ ገና አጭር ነው። ልጅቷ ግን ከፊት በኩል ቀጭን ቀጭን አድርጋ ያዘችው። እማዬ ማንም ሳይነግራት ተነስታ መስታወቱ ፊት ቆመች።

ሂሳቡን በዚያ ቀን ተቀበለችኝ።