የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ የድረ ገጽ መዝገበ ቃላት በአንድ ግሥ ሲፈተን

መዝገበ ቃላትን የምፈትነው በረቀቀ ቃል ሳይሆን ብዙ በሚሠራ ተራ ግሥ ነው። የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ (ሪያል አካዴሚያ እስፓኞላ) በድረ ገጹ ያለ ክፍያ የሚያቀርበውን መዝገበ ቃላትም የፈተንሁት «ሳሊር» (ወደ ውጭ መውጣት) በተባለው ግሥ ነው። ስፓኒሽ የተማረ ሰው «ሳሊዳ» የሚለው ጽሑፍ ከሕንፃ መውጫውን እንደሚያመለክት ገና በጠዋቱ ያውቃል፤ ጣሊያን ሄዶ በአውቶቡስ በር ላይ «ሳሊታ» የሚል ሲያነብ ግን በዚያ ልውረድ ቢል ከሚሳፈሩት ጋር ይጋፋል፤ በጣሊያንኛ «ሳሊሬ» ወደ ላይ መውጣት፣ መሳፈር ነውና። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ግእዝ «ወፅአ» እና «ዐርገ» ብሎ የለየውን እኛ «ከቤት ወጣ»፣ «ዳገት ወጣ» እያልን በአንድ ግሥ ጠቅልለነዋል።

መዝገበ ቃላቱ ረጅሙን የትርጉም ዝርዝር ከመጀመሩ በፊት፣ የላቲኑ «ሳሊሬ» መዝለልና መፍለቅ ማለት እንደነበረ በአንዲት አጭር መስመር ያስታውቃል። ቁልፉ ያለው በዚህች መስመር ነው፤ ከላቲን የወረሱትን ዝላይ ስፓኒሽና ፖርቱጋልኛ ወደ ውጭ፣ ጣሊያንኛ ወደ ላይ ሲወስዱት፣ ሮማንያኛ መዝለልነቱን እንደ ጥንቱ ጠብቆታል፤ በፈረንሳይኛ ደግሞ «ሳዪር» በዛሬው አነጋገር በይበልጥ ከግድግዳ ገፋ ብሎ ለሚታይ ነገር ይነገራል። ይሁንና ይህን ንጽጽር አንባቢው ራሱ ማቀናጀት አለበት፤ አካዳሚው በስፓኒሽ ትርጉሞች ለጋስ፣ በሥርወ ቃል ግን ቁጥብ ነው፤ የትኛው ትርጉም መቼ እንደተጀመረም አይናገርም። «ሱቢር» የሚለውን ግሥ ሲፈልጉም እንዲሁ ነው፤ ስፓኒሹ ወደ ላይ መውጣት መሆኑን ያስረዳል እንጂ፣ ያው ቃል በፈረንሳይኛና በጣሊያንኛ የደረሰበትን መከራ መቀበል እንደሆነ ፍንጭ አይሰጥም።

ይህን ጉድለት በከፊል የሚሞላው፣ ከ1971 እስከ 1994 በ16 ቅጾች ታትሞ ዛሬ በነጻ የሚነበበው የፈረንሳይኛው ታላቅ መዝገበ ቃላት፣ «ትሬዞር ደ ላ ላንግ ፍራንሴዝ» ነው፤ በየቃሉ ሥር የትርጉሞቹን መነሻ ዘመን ያስቀምጣል። ገጹ ያረጀና ለዓይን የማይመች ቢሆንም፣ ስፓኒሽን ለመናገር ብቻ ለሚማር ሰው የአካዳሚው እንደሚበቃ፣ የቃል ዘመድ ለሚፈልግ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን መክፈት እንደሚሻል እመክራለሁ።