አሳል ሐይቅ፣ ጉቤት እና የዌል ሻርክ ጀልባ ከጅቡቲ ከተማ ተነስቶ፦ መኪናው አሪፍ፣ ጀልባው ግን ቅር አሰኝቶኛል

ጅቡቲ ለስራ ወይ ለትራንዚት የሚመጣ አበሻ አብዛኛው ከተማዋን ብቻ አይቶ "ሙቀት ነው ሌላ ምንም የላትም" ብሎ ነው ሚመለሰው፣ ይሄ ነገር በጣም ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ከከተማው ወጣ ካላችሁ ያለው ውሃና መሬት ሌላ ቦታ በቀላሉ የምታገኙት አይደለም። እኛ ከአክስቴና ከጓደኞቼ ጋር ሆነን አሳልንም ባሕሩንም አይተናል፣ ለምትሄዱ ይጠቅማል ብዬ ነው በዝርዝር ምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ መኪናው። ፎር ዊል ከነሹፌሩ ነው የተከራየነው፣ ዋጋው ሚቆረጠው በመኪና ስለሆነ ሰው ሰብሰብ ብላችሁ ብትካፈሉ በጣም ይቀላል፣ ብቻውን ሚሄድ ሰው ግን ይከብደዋል። ሹፌሩ የአፋር ልጅ ነው፣ አማርኛውን ያንበለብለዋል፣ ማታውኑ ደውሎ "ከሌሊቱ 11 ሰዓት በር ላይ ነኝ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ አሳል ላይ መቆም ለእማማ ይከብዳቸዋል" አለን። አክስቴን ሳያያት "እማማ" ብሎ ስላሰበላት በቃ እዛው ወደድኩት። የተባለውም ሰዓት ላይ መጣ። ከተማ ውስጥ ጠይቀን የነበረ ሌላ አስጎብኚ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንነሳ ብሎን ነበር፣ እንደሱ ብናደርግ ቁርጥ ቀትር ላይ ነበር ምንደርሰው፣ እዛ ሐይቅ ዳር ደግሞ አንድም ዛፍ የለም።

መንገዱ መጀመሪያ የጋላፊ መንገድ ነው፣ ግራና ቀኝ ኢት ታርጋ የለጠፉ የኛው ከባድ መኪኖች፣ ሹፌሮቹ ሻይ ሚጠጡበት ቤት ሳይቀር አማርኛ ነው ሚሰማው። ዌአ ሚባለውን ከተማ ካለፋችሁ በኋላ ወደ ታጁራ ሚወስደውን ትይዛላችሁ፣ ከዛ በኋላ ጭነት መኪናው ይቀንስና ጥቁር ድንጋይ ብቻ ይሆናል።

ጉቤት ላይ አስቁሙ፣ ሹፌሩ ቸኮለ ብላችሁ እንዳታልፉት። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በምዕራብ በኩል ጠቦ ጠቦ ሊዘጋ ሲል የተረፈው ውሃ ነው፣ መሃሉ ላይ የእሳተ ገሞራ ደሴት አለ፣ የሰይጣን ደሴት ይሉታል፣ ንፋሱ ኮፍያ ይወስዳል። እዚህ ጋ ቆማችሁ ባሕሩን ካያችሁ በኋላ ነው አሳል ሚገባችሁ፣ ምክንያቱም በሁለቱ መሃል ያለው ወደ 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ሐይቁ ግን ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው ያለው፣ ከአፍሪካ የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ። የጉቤት ውሃ በመሬት ስንጥቅ ውስጥ ለውስጥ እየሰረገ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ እዛ ፀሐዩ ያተነውና ጨውን ይተወዋል፣ ስለዚህ ከባሕር ውሃ አስር እጥፍ ገደማ ጨዋማ ነው። መሬቱም ገና እየተላቀቀ ያለ ነው፣ በፈረንጆቹ 1978 አርዱኮባ ሚባለው እሳተ ገሞራ እዚሁ መሃል ላይ ነው የፈነዳው፣ ጥቁሩ አለት ትናንት የቀዘቀዘ ነው ሚመስለው። ሹፌሩ ይሄን ሁሉ መኪናውን አቁሞ በጣቱ እያሳየ ነው የነገረን፣ ከስንጥቁ አንዱ ጋ ወስዶ አስቆመን፣ ጎብኚን ማስጎብኘት ማለት እንዲህ ነው።

ሐይቁ ራሱ፦ ከላይ ስታዩት ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ዙሪያው ነጭ ቀበቶ፣ ከኋላው ጥቁር ተራራ። ወርዳችሁ ስትረግጡት ነጩ ነገር ሁሉ ደረቅ ጨው ነው፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሆነ ባዶ እግር በፍጹም አይሞከርም፣ እኔ ሸራ ጫማዬን እንዳደረግኩ ነው የገባሁት። ቀስ ብላችሁ ቁጭ ትሉና በጀርባ መተኛት ነው፣ ውሃው ራሱ ያነሳችኋል፣ እግር ወደታች ልስደድ ብትሉም እምቢ ይላል። መንቦጫረቅ የለም፣ ዓይን ውስጥ ከገባ አለቀ፣ ጠዋት ጢም የተላጨ ወንድም እንዳይገባ እመክራለሁ። አክስቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ሹፌሩ እጇን ይዞ ዳር ላይ አስቀመጣትና እግሯን ነከረች፣ "ከዚህ አታንሱኝ" ብላ ቀረች።

ስትወጡ ቆዳችሁ ላይ ጨው ወዲያው ይነጣል ከዛ መወጠርና ማሳከክ ይጀምራል። እዚህ ላይ ነው አገልግሎት ሚለየው። የኛ ልጅ ከመኪናው ኋላ ንጹህ ውሃ የሞላ ጀሪካን አውርዶ በጣሳ እየቀዳ አንድ በአንድ አስታጠበን፣ ከአጠገባችን የነበሩ ሌሎች ጎብኚዎች ግን መኪናቸው ውስጥ የታሸገ መጠጫ ውሃ ብቻ ስለነበር እሱኑ ፊታቸው ላይ ሲያፈሱ አየን፣ ልጁ ከኛ ጀሪካን ሰጣቸው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፣ ስንት ሰዓት ነው ምንነሳው፣ መታጠቢያ ውሃ ይዘሃል ወይ። መልሱ ካልጣማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ዳር ላይ አፋሮቹ ክብ ክብ የጨው ድንጋይና ጨው የጋገረበት የፍየል ራስ ቅል ይሸጣሉ፣ እባካችሁ ከነሱ ግዙ፣ በፀሐይ ውለው ነው፣ ጨውን ከዚህ በግመል ጭነው እስከ ሸዋ ድረስ ያወጡ የነበሩት አባቶቻቸው ናቸው። ለምሳሌ ያህል እኛ ብርቱካን የሚያክለውን ወሰድን። የጅቡቲ ፍራንክ በዝርዝር ያዙ።

አሁን ጀልባው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርኮች (ከአሳ ሁሉ ትልቁ ሻርክ) ፕላንክተን ሚባሉትን ውሃ ላይ ሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ፍለጋ አርታ ባሕር ዳርቻ አካባቢ ይመጣሉ፣ አብዛኞቹ ያላደጉ ናቸው ግን እነሱም ከሰው ቁመት እጥፍ ይበልጣሉ፣ ሰው አይነኩም። አጠገባችሁ ነጠብጣብ ጀርባው ቀስ ብሎ ሲያልፍ ማየት ምን ልበላችሁ፣ እኔ እንባዬ መጥቷል። የጀልባው ሰዎች ግን (ስም አልጠራም) ሥራቸውን አልወደድኩትም፣ ላይፍ ጃኬቱ ለሁላችንም አልደረሰም፣ አንዷ አሳ በታየች ቁጥር ሞተሩን እያስጮሁ ከፊቷ ይዘጉባታል፣ "ንኩት ንኩት ችግር የለውም" እያሉ ሰው ያበረታታሉ። አይነካም! ሞተሩን ርቆ ማጥፋት፣ ሰው በዋና ይድረስ፣ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ያይ። ሞተር የቆራረጠው ክንፍ ያለው አሳ በዓይናችን አይተናል። ይሄን ካፒቴኑን አስቀድማችሁ ጠይቁት፣ "ሞተር አጥፍተህ ነው ምታቆየን?" በሉት፣ ላይፍ ጃኬቱንም ከመሳፈራችሁ በፊት ቁጠሩ።

ማታ ከተማ ስትመለሱ የየመን አሳ ብሉ፣ ሰንጥቀው ምድጃ ውስጥ የጠበሱት፣ ከትልቅ ቂጣ ጋር ነው ሚመጣው፣ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል።

መኪናውና ሹፌሩ ከ5 አምስት፣ ጀልባው 2፣ እሱም ለአሳዎቹ ስል። በክረምት ወራት ግን እንዳትሞክሩት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው ጊዜው። ቀጣይ ከዚሁ ልጅ ጋር አቤ ሐይቅ ነው ምንሄደው ብለን ተስማምተናል፣ ድንበር ላይ ያለው፣ አዋሻችን ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ባሕር ሳይደርስ ሚያልቅበት። እዛ ማደር ስለሚያስፈልግ ካምፑን ሚያውቅ ሰው ካለ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።