የፖሊስ ጨረታ መኪና፦ ክራውን ቪክ፣ ኤክስፕሎረር ወይስ ቻርጀር?

ሰሞኑን ስልኬ ሲጮህ ጥያቄው አንድ ነው። «ጋሼ፣ ጨረታ ላይ የፖሊስ ዶጅ ቻርጀር አየሁ። 9 ሺህ ዶላር ነው፣ ልግዛ?»

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ለዓመታት ታክሲ ነድቻለሁ። ያኔ ብዙዎቻችን የምንነዳው ከፖሊስ ጡረታ የወጣ ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ፣ ባጭሩ ክራውን ቪክ ነበር። ስለዚህ መልሴን ሳላንዛዛ ልንገራችሁ፦ ክራውን ቪክ፣ ያውም ከ2006 እስከ 2011 ያለው ሞዴል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ምክንያቱን የምትፈልጉ ግን ቁጭ በሉ።

መጀመሪያ የተቃጠልኩበትን ላውራ። ከአንድ ቸርቻሪ የፖሊስ መኪና በ4,200 ዶላር ገዛሁ። ማርካውን አልናገርም፣ ጥፋቱ የመኪናው አልነበረም። ቆጣሪው 110 ሺህ ማይል ይላል። ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ ሽቶ ተነፍቶበት ያበራል። ሰኔ መጥቶ ሙቀቱ ሲጨምር ግን ከኋላ ወንበር የውሻ ሽታ መጣ። ለካ የውሻ አሠልጣኝ ፖሊስ መኪና ኖሯል። ውሻው በሙቀት እንዳይሞት ኤሲው ቀኑን ሙሉ መሥራት አለበት፣ ሞተሩም አይጠፋም። ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት ያየሁት ከገዛሁ በኋላ ነው፦ ቆሞ የሠራበት ብቻ 5,000 ሰዓት!

ፎርድ ራሱ ለፖሊስ መኪኖቹ ሲያሰላ፣ ሞተር ቆሞ የሚሠራበትን አንድ ሰዓት እንደ 33 ማይል ጉዞ ይቆጥረዋል። አስሉት። 5,000 በ33 ሲባዛ 165 ሺህ ማይል ነው። በዚያ ላይ 110 ሺሁን ደምሩ። እኔ የገዛሁት 275 ሺህ ማይል የሄደ ሞተር ነው ማለት ነው። በአራተኛው ወር ካምቢዮው ሄደ፣ ተጨማሪ 1,900 ዶላር።

ስለዚህ ከማርካው በፊት «ይሄ መኪና ምን ሥራ ላይ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የከተማ ፓትሮል መኪና ፈረቃ እየተቀያየረበት ሌትና ቀን ይሠራል። አደጋ በደረሰበት ቦታ መብራቱን አብርቶ ለሰዓታት ይቆማል፣ የእግረኛ ጠርዝ ላይም ይወጣል። የሀይዌይ ፖሊስ መኪና ማይሉ ይበዛል፣ ግን መንገዱ የተስተካከለ ስለሆነ 140 ሺህ ቢያሳይም አትሽሹት። ምርጡ የመርማሪዎች ወይም የአለቆች መኪና ነው። ጣሪያው ለመብራት አልተበሳም፣ ምንጣፉም የኋላ ወንበሩም የሰው ነው። ፓትሮሉ ግን ወለሉ ጎማ ነው፣ የኋላ ወንበሩ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነው፣ ዳሽቦርዱም ሬዲዮው የተነቀለበት ቀዳዳ ይቀረዋል። የጣሪያው ቀዳዳ በደንብ ካልተደፈነ ዝናብ ይገባል። ምንጣፉን ወይም ጎማውን አንሥታችሁ በእጃችሁ ዳብሱ። እርጥብ ከሆነ ወደ ቤታችሁ።

አሁን ወደ መኪኖቹ።

ክራውን ቪክ በ2011 መስከረም ካናዳ ውስጥ ሴንት ቶማስ ከሚባለው ፋብሪካ የመጨረሻው ወጥቶ አበቃ። አሮጌ ነው፣ አልክድም። ነዳጅ ይጠጣል፣ በከተማ በጋሎን ከ15 ማይል በላይ አግኝቼበት አላውቅም። በረዶ ላይም የኋላ ጎማው ነው የሚገፋው፣ ይንሸራተታል። ግን ሻንሲ ያለው መኪና ነው። የውሃ ፓምፑ ከሞተሩ ፊት ለፊት በአራት ብሎን ታስሮ ተቀምጧል። ፓምፑ 50 ዶላር ገደማ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ሳይቀዘቅዝ ይቀየራል።

የፎርዱ ኤክስፕሎረር ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከ2013 ጀምሮ ለፖሊስ የወጣው ባለ 3.7 ሊትር ሞተር የውሃ ፓምፑ ሞተሩ ውስጥ ነው፣ የሚያዞረውም የታይሚንግ ካቴናው ነው። ሲያፈስ ውሃው ዘይት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ ሞተሩ ይሰናበታል። ቀድማችሁ ብትደርሱበት እንኳ ለመቀየር ግማሽ ሞተር ይፈታል። እዚህ ሰፈር ከ2 ሺህ ዶላር በታች የጠየቀኝ ጋራዥ የለም። 50 ዶላርና 2 ሺህ ዶላር! ሌላም አለ። በ2017 የኦስቲን፣ ቴክሳስ ፖሊስ የጭስ ማውጫ ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል በሚል ስጋት ኤክስፕሎረሮቹን በሙሉ ከሥራ አውጥቶ ነበር። ፎርድ የፖሊሶቹን መኪኖች እጠግናለሁ አለ። ብዙ ጊዜ የሚጠረጠሩት ለመብራትና ለሽቦ የተበሱ፣ በደንብ ያልተደፈኑ ቀዳዳዎች ናቸው። ስለዚህ ከገዛችሁ የካርቦን ሞኖክሳይድ (የጭሱ መርዝ) መለኪያ ይዛችሁ ንዱ። በረዶ ላይ ግን ጎበዝ ነው፣ የአብዛኞቹ አራቱም ጎማ ይሠራል።

ቻርጀር ያምራል። ልጆቹ የሚደውሉልኝም ለዚሁ ነው። ሄሚ የሚባለው ባለ 5.7 ሊትር ሞተሩ 370 ፈረስ ጉልበት አለው። ደግሞ ስንት ካንዴላ እንዳለው ታውቃላችሁ? አሥራ ስድስት! ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት። ክራውን ቪክ ስምንት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሄሚ ጠዋት ሲነሣ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ካሰማ የቫልቭ ማንሻዎቹ እየተበሉ ሊሆን ይችላል፣ ሲብስ ካምሻፍቱን ይዘው ይሄዳሉ። ብዙ መካኒኮች ይህን ችግር ቆሞ ከመሥራት ጋር ያያይዙታል፣ የፖሊስ መኪና ሕይወት ደግሞ ያ ነው። ለዚህ ሥራ ከ3 ሺህ ዶላር በላይ ሲጠየቅ ሰምቻለሁ። የግድ ካላችሁ ባለ ስድስት ሲሊንደሩን ፈልጉ።

ካፕሪስ የሚባል ሸቭሮሌም አለ። አውስትራሊያ ነው የተሠራው። ጥሩ መኪና ነበር፣ ግን ፋብሪካው በ2017 ተዘጋ። የፊት መብራቱ ቢሰበር ከየት ታመጣላችሁ? እለፉት።

ክራውን ቪክ ስትገዙም አትሞኙ። «ፖሊስ ኢንተርሴፕተር» የሚለው የኋላ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ በ20 ዶላር ይሸጣል፣ አንዳንዱ ተራውን የቤት መኪና ለጥፎበት ያወጣዋል። የሻንሲ ቁጥሩን ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ያሉትን ፊደልና ቁጥሮች አንብቡ፦ ፒ71 ከሆነ የፖሊስ ነው። በመጨረሻዎቹ ሞዴሎች ፒ7ቢ ይላል። ፒ72 ካለ ታክሲ ሊሆን ይችላል፣ ታክሲ ምን እንደሚያሳልፍ እኔን ጠይቁኝ። ከ2002 በፊት ያለውን አትንኩ፣ የአየር ማስገቢያው ፕላስቲክ ተሰንጥቆ ውሃ ያፈሳል። ከ2003 በፊት ደግሞ ካንዴላ ከነጥርሱ ተነቅሎ ሲወጣ ታይቷል።

መለዋወጫ ላይም ተጠንቀቁ። እኔ ስምንት ኮይል (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) በ65 ዶላር አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ፎርጅድ ነው። በሁለት ወር ሦስቱ ሞቱ። ኦርጅናሉ አንዱ ብቻ 50 ዶላር ገደማ ነው፣ ግን እስካሁን አለ።

ዋጋውን በተመለከተ፣ በዚህ ዓመት ደህና ክራውን ቪክ ከ3,500 እስከ 6 ሺህ ዶላር ሲሸጥ አይቻለሁ። ጨረታ ላይ የምታዩት ቁጥር ግን የመጨረሻው አይደለም። ኮሚሽን፣ ግብር፣ መኪናው ካልተነሣ መጎተቻም ይጨመራል። ለኡበር የምትገዙ ከሆነ የዕድሜ ገደቡ ሊጥላችሁ ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ።

የኔው የኋላ በር ዛሬም ከውስጥ አይከፈትም። ለእስረኛ የተሠራ ነው። ማስተካከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ግን አልነካሁትም። አማቴ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ወርጄ በሩን ስከፍትላቸው ለክብራቸው ይመስላቸዋል። አልነገርኳቸውም።